በሊንክድኢን ላይ የተጠራቀሙ የሙያ ትውውቆችን እንዴት መልክ ላስይዝ?

ጥያቄ፦ ከ«ውኃ መሐንዲስ»

ጤና ይስጥልኝ። በመጠጥ ውኃ አቅርቦት ዘርፍ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ፤ መጀመሪያ በክልል ውኃ ቢሮ፣ ከዚያ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ አገልግያለሁ፤ አሁን ደግሞ በግሌ የማማከር ሥራ እሠራለሁ። ሊንክድኢን ላይ ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ተገናኝቻለሁ። ከእነዚህ መካከል አብረውኝ ጉድጓድ ያስቆፈሩ ባልደረቦች አሉ፤ ቢሾፍቱና አዳማ በተሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሻይ የጠጣን ሰዎች አሉ፤ የፓምፕና የቧንቧ አስመጪዎች አሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያየሁላቸው ተማሪዎችም አሉ። ለምን እንደተቀበልኳቸው የማላስታውሳቸው ግን ከሁሉም ይበዛሉ።

ነገሩ የከበደኝ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የውጭ ርዳታውን ካቋረጠ ወዲህ ነው። በዚያ ገንዘብ በሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ላይ የነበሩ ብዙ የማውቃቸው ባለሙያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተበተኑ፤ ለዓመታት የያዝኩት የመሥሪያ ቤት ኢሜይላቸውም መልእክት መቀበል አቆመ። አሁን የት እንደደረሱ የማይበት መንገድ ይኸው ገጽ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም አንድ ሥራ ሲመጣና ለምሳሌ በሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ ያጠና ጂኦሎጂስት ሲያስፈልገኝ፣ የሰውየው መልክ ፊቴ ላይ ድቅን እያለ ስሙ አይመጣልኝም፤ ዝርዝሩን ወደ ታች እየሳብኩ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ገጹ ሰዎችን በሙያ፣ በክልል ወይም በትውውቅ ዓይነት ለይቶ የማስቀመጫ መንገድ አለው ወይ? የማላውቃቸውን ሰዎች ማስወገድስ ይመከራል? ከዝርዝሬ ባወጣው የማያስከፋኝ፣ ግን የሚቀየመኝ የቀድሞ አለቃ አለኝና፣ ሰውዬው ይህን ሊያውቅ ይችላል ወይ? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ከ«መዝገብ ቤት»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በነፃው አገልግሎት ውስጥ ሰዎችን ለይተው የሚያስቀምጡበት ክፍል የለም፤ ቀድሞ ግን ነበረ። ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጋር የት እንደተዋወቃችሁ የሚጻፍበት ማስታወሻና «ደንበኛ»፣ «ባልደረባ» እየተባለ የሚለጠፍ መለያ ነበረው። ይህ አሠራር በ2017 እ.ኤ.አ. ከነፃው አገልግሎት ተነሥቶ ሴልስ ናቪጌተር ወደሚባለው የሚከፈልበት አገልግሎት ተዛወረ። እርሱ በዋናነት ለሽያጭ ሠራተኞች የተዘጋጀ ከመሆኑም በላይ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አገር ውስጥ ላለ አማካሪ አልመክረውም። ለዓመታት መለያ ሲለጥፉ የኖሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ ማስታወሻቸውን አውርደው ካላስቀመጡ በስተቀር ድካማቸው ከንቱ ስለቀረ፣ ማኅደሩን በራስዎ እጅ ቢይዙ ይሻላል እላለሁ።

ለቀላል ፍለጋ የገጹ ማጣሪያ ይበቃል። የግንኙነቶችዎን ዝርዝር ከፍተው በከተማ፣ አሁን በሚሠሩበት ድርጅት ወይም በተማሩበት ተቋም መለየት ይችላሉ። ጉድለቱ ግን ማጣሪያው የሚያውቀው ሰውየው ስለራሱ የጻፈውን ብቻ መሆኑ ነው። ያ ጂኦሎጂስት ጎዴና ቀብሪ ደሃር ላይ ዕድሜውን ጨርሶ አሁን አዲስ አበባ ቢቀመጥ፣ በከተማ ሲፈልጉት የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው። እርስዎ ስለ እርሱ የሚያውቁትን የሚያውቅ ማጣሪያ የለም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ያውርዱት። በኮምፒውተር ገብተው በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ዳታ ፕራይቬሲ» የሚለውን ይክፈቱና የመረጃዎን ቅጂ ከሚጠይቁበት ቦታ «ኮኔክሽንስ» የሚለውን ብቻ ይምረጡ፤ ፋይሉ ብዙ ሳይቆይ በኢሜይል ማስፈንጠሪያ ይደርስዎታል። ሁሉንም መረጃ ከጠየቁ ግን እስከ አንድ ቀን ሊያስጠብቅዎ ይችላል። የሚመጣው የሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በኤክሴል የሚከፈት ተራ የሰንጠረዥ ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች የድርጅቱ ማሳሰቢያ ስለሆኑ ይሰርዟቸው። ከዚያ በታች ስም፣ የአባት ስም፣ የገጽ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ መደብና የተገናኛችሁበት ቀን በየዓምዳቸው ተደርድረው ያገኛሉ። የኢሜይሉ ዓምድ በአብዛኛው ባዶ ስለሆነ አይደንግጡ፤ ባለቤቱ እንዲወርድ ካልፈቀደ አይወርድም።

ፋይሉን ሁለቴ ተጭነው በኤክሴል ከከፈቱት በአማርኛ የተጻፉት ስሞች ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች ሊለወጡ ይችላሉ። ይህ የፋይሉ ብልሽት አይደለም። መጀመሪያ ባዶ ኤክሴል ከፍተው «ዳታ» ከሚለው ሥር ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን ይምረጡና የፊደል ዓይነቱን 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት፤ ፊደሎቹ ይስተካከላሉ። በጉግል ሺትስ ካስገቡት ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ዝርዝሩን በስም ወይም በመሥሪያ ቤት ይደረድራል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ በተገናኛችሁበት ቀን ደርድሩት እላለሁ። ሰው ከሥልጠና ወይም ከዐውደ ጥናት ሲመለስ በዚያው ሳምንት የተዋወቃቸውን ሰዎች አከታትሎ ስለሚጨምር፣ ቀኖቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይመጣሉ። «12 ማርች 2019»፣ «12 ማርች 2019»፣ «13 ማርች 2019»፣ «15 ማርች 2019» እያለ ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ክምር ሲያዩ፣ አንዱን ስም ካወቁት የቀሩት አብረውት የነበሩ መሆናቸው ይገለጥልዎታል። ለክምሩ በሙሉ አንድ ማስታወሻ ይስጡ፤ «የአዳማው የፓምፕ ጥገና ሥልጠና» ብለው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ብቻ አይርሱ፤ የሥልጠናው ደብዳቤ ወይም የምስክር ወረቀት በእጅዎ ካለ ያመሳክሩበት።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዓምዶች ይጨምሩ፤ የት እንደተዋወቃችሁ፣ ሰውየው በእርግጥ የሚያውቀው ሥራ ምን እንደሆነና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተነጋገራችሁ የሚሞላባቸው። ከዚያ በላይ ዓምድ ያበዛ ሰው ሲሞላው አይቼ አላውቅም። ሁለተኛው ዓምድ በራስዎ አነጋገር ይጻፍ፤ «ሃይድሮጂኦሎጂስት» ከሚለው ይልቅ «ሶማሌ ክልል ጥልቅ ጉድጓድ፣ ጨዋማ ውኃ» ብሎ የጻፈ ሰው ሲፈልግ ያገኛል።

ስለ ስሞችም አንድ ነገር ልጨምር። ገጹ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ስለሆነ የእኛን ስም ሲደረድር ያዛባል። በወረደው ፋይል ሁለተኛ ዓምድ ከደረደሩት የሚመጣልዎ በአባት ስም ነው፤ ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ «ገብረ መድኅን»ን ለያይቶ የጻፈ ሰው የገዛ ስሙ ግማሽ የአባት ስም ቦታ ላይ ይገኛል። «ዶ/ር» ወይም «ኢንጂነር» የሚለውን ከስማቸው ፊት የጻፉት ደግሞ ሁሉም በማዕረጉ ፊደል ሥር ይከማቻሉ፤ በእርስዎ ሙያ ይህ ቀላል ቁጥር እንደማይሆን እገምታለሁ። ማዕረጉን ወደ ሌላ ዓምድ ያውጡና ስሙን እርስዎ በሚጠሩት መንገድ በአንድ ዓምድ በአማርኛ ደግመው ይጻፉት። ሁለት ሺህውን ሳይሆን የሚያውቋቸውን ብቻ ነው የምልዎት።


መልስ፦ ከ«የሰው ሀብት አስተዳደር»

በቅጥር ሥራ ላይ የምገኝ በመሆኔ ስለ ማስወገዱ ጥያቄ ልመልስ። «መዝገብ ቤት» በጻፉት ላይ የምከራከረው የለኝም፤ ሆኖም ብዙ ሰዎች ዝርዝር ማደራጀት ሲባል መቀነስ ስለሚመስላቸው በችኮላ ይቆርጣሉ፤ ይህ ጥቅም የለውም።

በመጀመሪያ፣ ከግንኙነት ሲያስወጡት ሰውየው ማሳወቂያ አይደርሰውም። ይሁን እንጂ የእርስዎን ገጽ ከፍቶ የቅርብ ግንኙነት አለመሆናችሁን ካየ ይገባዋል፤ የቀድሞ አለቆች ደግሞ እንዲህ ያለውን የማየት ልማድ አላቸው። ከዚህ የሚበልጠው ብዙዎች የማያውቁት ነገር ነው፤ ግንኙነቱን ሲያቋርጡ እርስ በርስ የተሰጣጣችሁት የምስክርነት ጽሑፍና የክህሎት ማረጋገጫም አብሮ ይነሣል፤ በኋላ ታርቃችሁ እንደገና ብትገናኙም አይመለስም። አለቃዎ ስለ ሥራዎ ጥሩ ነገር ጽፈውልዎ ከሆነ፣ እርሱን ከገጽዎ ላይ ፋቁት ማለት ነው። ለእርሳቸው የሚሻለው መከተልን ማቆም ነው። ግንኙነቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ የሚለጥፉት ግን ፊትዎ ላይ አይመጣም፤ እርሳቸውም የሚያውቁበት መንገድ የለም።

የማያውቋቸውን በተመለከተ፣ ገጹ የሚፈቅደው የቀጥታ ግንኙነት 30,000 ድረስ ስለሆነ ቦታ ጠበበኝ ብለው የሚቀንሱበት ምክንያት የለም። ልናወጣቸው የሚገቡ ሰዎች ግን አሉ፤ የሐሰት ሥራ ማስታወቂያ የሚያሰራጩ፣ ለ«ማመልከቻ ክፍያ» ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ፎቶግራፋቸውና የሥራ ታሪካቸው የማይገናኝ ገጾች። እነዚህን ማውጣት ብቻ ሳይሆን ለገጹ ማመልከትም ተገቢ ነው፤ ከእርስዎ ጋር መገናኘታቸውን ያየ ወጣት ተማሪ እርስዎን አይቶ ያምናቸዋልና። በነገራችን ላይ የግንኙነት ዝርዝርዎን ሌሎች እንዳያዩት ማድረግ ይቻላል። በአማካሪነት ሥራ ደንበኞችዎ እነማን እንደሆኑ ተፎካካሪ እንዲያነብ ካልፈለጉ ዝጉት። የጋራ የሆኑት ግን መታየታቸው አይቀርም።

አንድ ቅሬታ ላክልበት ይፈቀድልኝ። በእኛ አገር ግብዣ ሲላክ ባዶውን ነው የሚላከው። ተቀባዩ ደግሞ ስሙ የኢትዮጵያዊ ከሆነ ይበቃል ብሎ ይቀበላል፤ ከዓመት በኋላ ሁለቱም ማን ማንን እንደጋበዘ አያውቁም። ነፃ ተጠቃሚ በወር ከጥቂት ግብዣዎች በላይ መልእክት ማያያዝ ስለማይችል ሁልጊዜ ማድረግ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ነገር ግን ግብዣው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ «ሐዋሳ በነበረው ስብሰባ ላይ ስለ ውኃ ቆጣሪ የተነጋገርን ነን» ብሎ አንድ መስመር መጻፍን የሚከለክል የለም። ያ መስመር በመልእክት ሳጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ «ውኃ ቆጣሪ» ብለው ሲፈልጉ ሰውየው ይገኛል። በተቃራኒው «ሥራ ካለ እባክዎ ያስታውሱኝ» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል፤ ላኪው ምን እንደሚሠራ እንኳ አይጽፍም፤ ላስታውሰው ብፈልግስ በምን?


መልስ፦ ከ«ሜሪላንድ»

ከባሕር ማዶ ሆኜ ስለምጽፍ የአገር ቤቱን ሁኔታ ከላይ የጻፉት ይበልጥ ያውቁታል፤ ሆኖም የማያውቋቸው ሰዎች ጉዳይ በሌላ በኩል ቢታይ ብዬ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባሉት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው አዲስ ሥራና አዲስ ወሬ የሚያገኘው ከቅርብ ወዳጆቹ ይልቅ ከሩቅ ትውውቆቹ መሆኑን ተከራክረው ነበር፤ ምክንያቱም የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እርስዎም አስቀድመው ያውቁታል። በ2022 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ በሊንክድኢን ላይ ፈትኖታል። ገጹ «ሊያውቋቸው ይችላሉ» ብሎ የሚያቀርባቸውን ሰዎች ለተለያዩ ተጠቃሚዎች በተለያየ መንገድ እየለዋወጠ በአምስት ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ሰዎችን ተከታትሏል። የተገኘውም ሥራ በማስገኘት ረገድ የሚበልጡት በጣም የቀረቡትም ፈጽሞ የራቁትም ሳይሆኑ፣ መጠነኛ የጋራ ትውውቅ ያላቸው መካከለኞቹ መሆናቸው ነው። ውጤቱ ይበልጥ የጎላው በዲጂታል ዘርፎች ላይ ስለሆነ ለጉድጓድ ቁፋሮ እንዳለ አይወሰድም፤ ያም ሆኖ «መዝገብ ቤት» ያሉት የሥልጠና ክምር ውስጥ የሚወድቁት በትክክል እነዚህ መካከለኞቹ ናቸውና፣ ማስታወሻ ሲጽፉ ከእነርሱ ቢጀምሩ መልካም ነው። የቅርብ ባልደረቦችዎን ያለ ማስታወሻም ያስታውሷቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥንቃቄ ነው። ገጹ የስልክዎን የአድራሻ መዝገብ ላመሳስል ብሎ ይጠይቃል፤ አይፍቀዱለት። ሊንክድኢን ግብዣ የተላከላቸውን ሰዎች በተጠቃሚው ስም ደጋግሞ በኢሜይል ያስታውስ ነበር በሚል ተከስሶ በ2015 ጉዳዩን በ13 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ቢለወጥም፣ ስልካችን ውስጥ ያለው የዕድር ጸሐፊ፣ የጋራዥ ባለሙያና የልጆች አስተማሪ ሁሉ ከሙያ ግንኙነት ጋር ምን አገናኛቸው? አስቀድመው ፈቅደው ከሆነ በቅንብሩ ውስጥ ገብተው የተመሳሰለውን ማጥፋት ይችላሉ።

የሚያዘጋጁት ሰንጠረዥም የሰዎች የግል መረጃ መሆኑን ልብ ይበሉ። ለራስ ማስታወሻ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በማማከር ድርጅት ስም ይዞ ለሌላ ማስተላለፍ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። «ከሥራ የወጣው በጥል ነው» የመሰለውን ዓይነት አስተያየት ከሰንጠረዡ ውጭ ያድርጉት፤ ፋይሉ አንድ ቀን በስሕተት በቴሌግራም ቢተላለፍ የማያሳፍርዎ ብቻ ይጻፍበት።


መልስ፦ ከ«ውኃ መሐንዲስ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋይሉን ዛሬ አውርጄ በቀን ደረደርኩት፤ ከ2017 እስከ 2019 ያሉት ክምሮች በእርግጥ ከሥልጠናዎችና ከየፕሮጀክቱ መክፈቻ ስብሰባዎች ጋር ይገጥማሉ። የምፈልገው ጂኦሎጂስትም በአንዱ ክምር ውስጥ ተገኝቷል፤ በመሥሪያ ቤት ዓምዱ ላይ የተዘጋው ፕሮጀክት ስም አሁንም አለ። ጻፍኩለት፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በየስድስት ወሩ አዲሱን ፋይል ባወርድ ቀድሞ የጻፍኩትን ማስታወሻ ከአዲሱ ጋር እንዴት አገናኛለሁ? በስም ላገናኝ ብል፣ አንዱ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በ«ቲ» አንድ ጊዜ በ«ቲኤች» ይጽፈዋል፤ ውጭ አገር ሄደው የባላቸውን ስም የጨመሩ እህቶችም አሉ።


መልስ፦ ከ«መዝገብ ቤት»

በስም አያገናኙ። በገጽ አድራሻው ያገናኙ፤ ባለቤቱ ራሱ ካልቀየረው በስተቀር ስሙ ቢለወጥም አድራሻው አይለወጥም። ማስታወሻዎችዎን በአንድ ገበታ፣ አዲሱን ፋይል በሌላ ገበታ ያስቀምጡና በኤክሴል «ቪሉክአፕ» በሚባለው ቀመር አድራሻውን መፈለጊያ አድርገው ማስታወሻውን ይጥሩት። ቪሉክአፕ የሚፈልገው ከመጀመሪያው ዓምድ ስለሆነ፣ በማስታወሻው ገበታ ላይ አድራሻውን ከሁሉ በፊት ያስቀድሙት። ማስታወሻ ያልመጣላቸው መስመሮች ወይ አዲስ የተጨመሩ ናቸው፣ ወይ አድራሻቸውን የቀየሩ፤ እነዚህ ብዙ ስለማይሆኑ በዓይን ይታያሉ።

አሮጌውን ፋይል ግን አይጣሉት። አዲሱ የሚያሳየው ሰውየው አሁን ያለበትን መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የመሥሪያ ቤት ዓምዶቹን ቢያነጻጽሩ፣ በስድስቱ ወር ውስጥ ማን ከየት ወዴት እንደተዛወረ ያገኛሉ። ለእንኳን ደስ ያለዎትም ሆነ ለአይዞዎት መልእክት የሚጀመረው ከዚያ ነው።


መልስ፦ ከ«የሰው ሀብት አስተዳደር»

ለጂኦሎጂስቱ የጻፉለት በሊንክድኢን ብቻ ከሆነ ብዙ አይጠብቁ፤ ከሥራ የወጣ ሰው ገጹን በየቀኑ የሚከፍት ቢመስልም ሁሉም አይከፍትም። በዚያው ክምር ውስጥ ካሉት አንዱን የስልክ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ አብረው የሠለጠኑ ሰዎች የቴሌግራም ቡድናቸውን እስከ ዛሬ ይዘውት ሊሆን ይችላል።